ከእንሰቱ ሥር የተደፋው ቀለም

የቢሮውን ቁልፍ ያስረከብኩ ዕለት አከራያችን ግቢውን ዞረው አዩ። ጠረጴዛና ወንበሩ ተጭኖ ሄዷል፤ የድርጅቱ ታፔላ ከበሩ ላይ ወርዷል፤ እኔም የመጨረሻ ደመወዜን ፈርሜ ወስጃለሁ። ከመጸዳጃው ጀርባ በሸራ ተሸፍነው የተደረደሩትን ጆንያዎች ሲያዩ ግን ቆሙ።

«እነዚህስ ምንድን ናቸው?»

«አፈር ነው» አልኳቸው።

«አፈር ከሆነ እዚያው ጓሮ ድፋውና ሂድ።»

መድፋት እንደማይቻል ነገርኳቸው። ምክንያቱን ሲሰሙ ከሸራው ራቅ ብለው ቆሙ፤ እስከ ቅዳሜ ካላነሳሁት ለቀበሌ እንደሚያመለክቱም አስጠነቀቁኝ። ተከራካሪ የለኝም፤ ፕሮጀክቱ ተዘግቷል፤ ከቢሮው ሰው የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። በእነዚያ ጆንያዎች ያለው መርዝ የአንዲት ትንሽ ልጅ ደም ውስጥ ገብቷል። እንዴት እንደገባ ለመናገር ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ አለብኝ።

እኔ ቀለም ቀቢ ነበርኩ። አሁንም ተመልሼ ቀለም ቀቢ ሆኛለሁ። ሙያውን ተቀምጦ ያስተማረኝ የለም፤ አሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርት ሳቆም ወላይታ ሶዶ መናኸሪያ አካባቢ ታፔላ የሚጽፉትን ቆሜ እያየሁ ለመድኩት። ሶዶ ላይ ለቀቢ ሥራ አይጠፋም። የወላይታው ባህል ልብስ የዱንጉዛ ቀለማት፣ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁሩ፣ ከልብሱ አልፈው ግድግዳ ላይ ወጥተዋል። ካፌው፣ የባጃጁ ጀርባ፣ የሆቴሉ አጥር፣ የሕፃናቱ ወንበር ሁሉ በዱንጉዛ ይቀባል። ዘመን መለወጫው ጊፋታ ሲቃረብማ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ይፈልግሃል። ግድግዳው ከታች፣ የልጆች እጅ በሚደርስበት በኩል፣ በዘይት ቀለም ነው የሚቀባው። ያብለጨልጫል፤ ሲቆሽሽም በጨርቅ ይጠረጋል። ልጆቹ የሚደገፉትም፣ በጥፍራቸው የሚልጡትም እሱኑ ነው።

ጋሽ መኮንንን ያገኘኋቸው ሐጂ ሸምሱ ሱቅ ነው። ሐጂ ሸምሱ የቀለምና የሕንፃ ዕቃ ነጋዴ ናቸው። ቤተሰባቸው ከስልጤ የመጣ ቢሆንም እርሳቸው ሶዶ ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ ወላይትኛውን ከእኔ እኩል ይናገሩታል። ያን ቀን የሱቃቸውን ታፔላ እየጻፍኩ ነበር። አንድ ሸበቶ ሰው ሁለት ሚስማር ገዙ፣ ወንበር ስበው ተቀመጡ፣ ከዚያ እጄን ያዩ ጀመር። እኔ እንደ ማንኛውም ታፔላ ጸሐፊ የብሩሹን ጫፍ የማሾለው በከንፈሬ ነው። የፊደሉ ጠርዝ ቀጥ የሚለው ጫፉ ሲሾል ነው፤ ጨርቅ ጸጉሩን ይበትነዋል ብለን እናምን ነበር።

«የትኛው ቀለም ይጣፍጣል?» አሉኝ።

የሚያሾፉብኝ መሰለኝ። ፊታቸውን ሳየው ግን ቀልድ የለበትም።

«ቢጫው» አልኳቸው። «ትንሽ ጣፈጥ ይላል። ቀዩም አለበት። ጥቁሩ ምንም የለውም።»

አልሳቁም። «ልጆችም ያን ነው የሚሉት» አሉ።

ጋሽ መኮንን በወጣትነታቸው ከደብረ ብርሃን ተመድበው የመጡ የአካባቢ ጤና ባለሙያ ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የወላይታን ቀበሌዎች በእግራቸው ሲዞሩ ኖረዋል። ከጡረታ በኋላ አንድ ትንሽ ግብረ ሰናይ ድርጅት ቀጠራቸው። ድርጅቱ በየቤቱ ከምንጠቀምባቸው ዕቃዎች ውስጥ ጎጂ ኬሚካል እንዲቀንስ የሚሠራ ነው፤ ከመጫወቻ፣ ከፊት ማንጫ ክሬም፣ ከቀለም። የሶዶው ቢሮ ድርሻ ቀለሙ ነበር። ረዳት ሲፈልጉ የጣሳውን ጀርባ የሚያነብ ቀቢ ይሁን አሉ። እኔ የማነበው ከፊደል ፍቅር ነበር፤ የታፔላ ጸሐፊ ዓይን ፊደል አያልፍም። ደመወዙ ከቀቢነቱ ብዙም አይበልጥም ነበር፤ ግን በየወሩ ይመጣል።

ያስተማሩኝ ነገር ባጭሩ ይህ ነው። ቢጫንና ቀይን ደማቅ የሚያደርገው፣ ፀሐይ እንዳያደበዝዘው የሚያደርገውም፣ ብዙ ጊዜ እርሳስ ነው። እርሳስ ስል የምንጽፍበትን አይደለም፤ ጥይት የሚሠራበትን ብረት ነው። ልጅ ሆድ ከገባ ደም ውስጥ ይቀራል፤ አእምሮን ይጎዳል፤ ምልክቱም ቶሎ አይታይም። ሌላውን በስልኬ መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ ራሴ አነበብኩ።

ናሙና መውሰድ ቀላል ይመስላል። ጣሳ ስትከፍት ከላይ የምታገኘው ዘይቱን ነው፤ ከባዱ ነገር ከታች ተኝቷል። ስለዚህ በንጹሕ እንጨት ታቹን እየፋቅክ፣ እንጨቱ ላይ ጓል የሚባል እስኪጠፋ ድረስ ታማስላለህ። ከዚያ መስታወት ላይ ስስ አድርገህ ትቀባለህ። ለእያንዳንዱ ጣሳ አዲስ ብሩሽ ነው፤ የታጠበ አይሆንም፤ በጸጉሩ ሥር የተደበቀ የትናንት ቢጫ የዛሬውን ነጭ በሐሰት ያስከስሰዋል። ሲደርቅ በምላጭ ይፋቅና በፖስታ ታሽጎ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ ውጭ አገር ላቦራቶሪ ይሄዳል። የሚቀረው ሥራ መጠበቅ ነው፤ አስጨናቂውም እሱ ነው፤ አንተ እስክትሰማ ድረስ ቀለሙ ይሸጣል።

ጋሽ መኮንን ሱቅ ሲገቡ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሆነ ነገር ይገዛሉ። ቀጥለው ይቀመጣሉ። ቆሞ የሚጠይቅ ሰው ፖሊስ ይመስላል ይሉ ነበር። ከተቀመጡ በኋላ ደግሞ ማንንም የማይምሩበት አንድ ጥያቄ ነበራቸው፤ «ከዚያስ ወዴት ይሄዳል?»

ቤሌ ከተማ ላይ አንድ ቀቢ ብሩሹን በቲነር አጥቦ ጨረሰ። ከዚያስ ወዴት ይሄዳል? ቲነሩ ቦይ ውስጥ ይደፋል። ከዚያስ? ቦዩ ወደ ምንጩ ይወርዳል። ባዶው ባልዲስ? ቤት ሄዶ የዳጣ በርበሬ ይቀመጥበታል። ሰውየው በመጨረሻ ብሩሹን አስቀመጠና፣ «ጋሼ፣ ሥራ ላይ ነኝ ወይስ ምርመራ ላይ?» አላቸው። ሳቅን። ባልዲውን ግን ገዝተውት ሄዱ።

አንድ ክረምት የሐጂ ሸምሱ ሱቅ ናሙና ውጤት መጣ። ቢጫውና ቀዩ ሕጉ ከሚፈቅደው እጅግ የበለጠ እርሳስ አለበት። ወረቀቱን ይዘን ሄድን። ጋሽ መኮንን አንድ ሜትር ሲባጎ ገዙ፣ ተቀመጡ፣ ወረቀቱን አቀበሏቸው።

ሐጂ አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አነበቡት።

«መኮንን፣ እኔ ፋብሪካ የለኝም። ታሽጎ መጣልኝ፣ ታሽጎ ሸጥኩ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ እኔ ዘንድ ምን አመጣህ?»

«ጣሳው ያለው አንተ ዘንድ ነው።»

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ፣ ታፔላዬን የጻፍክልኝ በዚሁ አይደለም?» በዚሁ እንደሆነ ነገርኳቸው። «እንግዲያው ስሜን በመርዝ ጽፈህልኛል ማለት ነው» አሉ። ቀልዱ ግን ፊታቸው ላይ አልቆየም። ወዲያው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ባለፈው ጊፋታ ከዚህ ቀለም ብዙውን የገዛው ሻንቶ ያለ አንድ መዋዕለ ሕፃናት መሆኑን ነገሩን። ትምህርት ሊከፈት የቀረው ጥቂት ቀን ነበር።

እነዚያ ቀናት ተደራረቡብን። ሐጂ የቀሩትን ጣሳዎች ለአከፋፋዩ ለመመለስ ተስማሙ፤ መኪናው የሚመጣው ሐሙስ ነው። ጋሽ መኮንን ጣሳዎቹ መንገድ ላይ ዲምቱ ገበያ ወርደው እንዳይሸጡ ፈሩ፤ ሲጫኑ ቆመው ማየት ፈለጉ። የአዲስ አበባው አለቃችን በበኩሉ ጋዜጠኛ እንጥራ ይላል፤ እርሳቸው ነጋዴውን ካዋረድነው ሌላ ነጋዴ በሩን አይከፍትልንም ይላሉ። በዚህ መሃል ረቡዕ ሻንቶ ሄድን።

ወላጆች ግቢው ውስጥ ተሰብስበው ጠበቁን። ግድግዳው ባለፈው ዓመት የተቀባ ዱንጉዛ ነው፤ በዝናቡ ከታች በኩል አብጦ እየተቀረፈ ነበር። ጋሽ መኮንን ተናገሩ፤ እኔ ወደ ወላይትኛ መለስኩ። ቀለሙ ልጅ ይጎዳል፤ ልጆች እንዳይነኩት፤ ቅዳሜ እርሳስ የሌለበት ቀለም ይዘን መጥተን እንሸፍነዋለን። ሰዉ አመሰገነ። አንዲት እናት ሰኞ ልጆቹ ይገባሉ ወይ ብላ ጠየቀች፤ ቅዳሜ ካለቀ ይገባሉ አሏት። ሚኒባሳችን ጥሩምባ እየነፋ ነበር፤ ተነስተን ሄድን። ሐሙስ ጣሳዎቹ ሲጫኑ ቆመን አየን። ጋሽ መኮንን ያን ቀን ሲስቁ አየኋቸው።

ቅዳሜ ሻንቶ ስንደርስ ግድግዳው ራቁቱን ቆሟል። ቀይ የለም፣ ቢጫ የለም፤ እስከ ሲሚንቶው ተፍቋል። ወላጆች አርብ በደቦ ወጥተው በገጀራ፣ በቢላዋ፣ በብርጭቆ ወረቀት በደረቁ ፍቀውታል። የወላጆች ሰብሳቢ ኩራቱ ከፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። ጊፋታ ሲመጣ አሮጌ ነገር ተጠርጎ ይወጣል እንጂ እላዩ ላይ አዲስ አይለበስም፤ መርዝ ላይ ቀለም ደርበን ልጆቻችንን አናስገባም አለን። ክፍሎቹም ንጹሕ ተጠርገው ነበር።

ጋሽ መኮንን ግድግዳውን በመዳፋቸው ነኩት። መዳፋቸውን አዩት።

«ጥራጊውስ?» አሉ ቀስ ብለው። «ወዴት ሄደ?»

መልስ የሰጠችን አማረች ናት። አማረች የግቢው ጥበቃ የዳና ሚስት ስትሆን ከልጃቸው ከቃልኪዳን ጋር እዚያው ግቢ ጓሮ ነው የሚኖሩት። ወላይታ ውስጥ የቤት ጥራጊና የከብት እበት የሚሄድበት ቦታ አንድ ነው። ማንም አይጠይቅም፤ ማንም አይነግርም።

«ለኡታዬ ሰጠሁት» አለች፤ ኡታ የምትለው እንሰቱን ነው። «ሴቶቹ ሁሉ ተሸክመው አደረሱልኝ።»

ወደ ጓሮ ዞርን። በየእንሰቱ ሥር ቀይና ቢጫ ፍቅፋቂ ተከምሯል። ቃልኪዳን ጥላው ሥር ቁጭ ብላ ቢጫውን በድንጋይ ትፈጫለች። ምን እንደምትሠራ ጠየቅኳት። እርድ ነው አለችኝ፤ ወጥ ልትሠራ ነው። ጣቷን ላሰች።

ጋሽ መኮንን መሬት ላይ ተቀመጡ። እንደ ወትሯቸው ሊጠይቁ አልነበረም የተቀመጡት፤ ድንጋዩን ከልጅቷ እጅ ሊወስዱ ነው። እናትየዋ ሮጣ ልጇን አነሳች።

ልጅቷ ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ ሆዷን ያማት እንደነበር፣ ምግብ እንደምትጠላ፣ የትል መድኃኒት ሁለት ጊዜ እንደተሰጣት የሰማነው ያን ቀን ነው። ያ ሁሉ ከመፋቁ በፊት ነበር፤ በዝናብ የረገፈውን ቅርፊት ስትለቅም ከርማለች። አሁን ደግሞ ክምሩን ደጇ ላይ አደረስንላት። ከአዳማ ተመድቦ የመጣ አንድ ወጣት ሐኪም ደሟን ወስዶ ወደ አዲስ አበባ ላከልን፤ የሌሎች ልጆችም ተላከ። ውጤቱ እስኪመጣ ጋሽ መኮንን ቢሮ ገብተው ቁጭ ይላሉ፤ ስልክ ሲጮህ ከወንበሩ ብድግ ይላሉ። ትምህርት ቤቱ አልተከፈተም። ሰብሳቢው እኔን መንገድ ላይ ሲያገኘኝ፣ «መርዝ ነው አላችሁን፤ አነሳነው። ምን አድርጉ ነበር የምትሉን?» አለኝ።

ውጤቱ መጣ። ከሁሉም ከፍ ያለው የቃልኪዳን ነበር። ሐኪሙ ዋናው መድኃኒት ከነገሩ ማራቅ ነው አለ፤ ሳይዘገይ።

ያንኑ ቀን ከሰዓት ሻንቶ ሄድን። ጋሽ መኮንን ለባልና ሚስቱ ውጤቱን ነገሯቸው፤ ቀጥለውም አፈሩ እንዲነሳ፣ እንሰቱም እንዲነቀል ለመኑ። ዳና ሚስቱን አየ። እንሰቱ የእሷ ነው፤ የተከለችው፣ ያዛወረችው፣ እበት ተሸክማ ያሳደገችው እሷ ናት። በቆሎው ሳይደርስ ጎተራ ባዶ ሲሆን የሚበሉት እሱን ነው። ትልልቆቹ ለቆጮ ሊፋቁ ደርሰው ነበር።

«ቀለሙን ያመጣው ሌላ ሰው» አለች አማረች። «የፋቀው ሌላ ሰው። ኡታዬ ምን አደረገ?»

«ምንም አላደረገም» አሉ ጋሽ መኮንን። «እኔ ነኝ ስትፍቁት በውሃ አርጥቡ፣ ጥራጊውን እዚህ አድርጉ ሳልላችሁ የሄድኩት። ሰውን ሁሉ የምጠይቀውን እናንተን አልጠየቅኩም።»

«ኡታው ተመርዟል?»

«አላውቅም። አፈሩ እንደተመረዘ አውቃለሁ። ልጅሽ የምትጫወተው ደግሞ አፈሩ ላይ ነው።»

ዳና በወላይትኛ የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ በእጇ አቆመችው።

«አላውቅም የሚል የቢሮ ሰው ዛሬ ገና አየሁ» አለች። ከዚያ ወደ ቤት ገብታ መቆፈሪያውን ይዛ ወጣች።

ሥራውን ራሷ መራችው። ትንንሾቹን ነቅላ፣ ሥራቸውን ቆርጣ፣ በበርሜል ውሃ አጥባ ከግቢው ማዶ አዛወረች፤ እንሰት መዛወር ልማዱ ነው፣ ይችላል አለች። ትልልቆቹ ግን ካልወጡ አፈሩ አይነሳም፤ ዳና ቆረጣቸው። እስኪመረመሩ እንዳይበሉ ለብቻቸው ተቀመጡ፤ ምርመራው ሲዘገይ ሻገቱ። እኔና ጋሽ መኮንን አፋችንን ሸፍነን አፈሩን ውሃ እያርከፈከፍን ቆፈርን፤ ማጠቢያው ውሃ የፈሰሰበትንም ጨመርን፤ ቢጫ የሚባል ነገር እስኪጠፋ ጆንያ ሞላን። ድርጅቱ በምትኩ በቆሎ ገዛላት። ተቀበለች፤ አላመሰገነችም። ግድግዳውን በእርጥብ ጨርቅ አጥበን በአዲሱ ቀለም ቀባሁት፤ ዱንጉዛ ነው፣ ቢጫው ግን ትንሽ ደብዘዝ ይላል።

ጆንያዎቹን ቢሮ አመጣናቸው። ከዚያስ? የሚቀበል የለም። በየቢሮው ዞርን፤ እንዲህ ያለ ነገር የሚጣልበት ቦታ በዞኑ አላገኘንም። ከዚያ በኋላ ጋሽ መኮንን ሥልጠና ሲሰጡ ከመጨረሻው ነበር የሚጀምሩት፤ ስለ ቀለሙ ከመናገራቸው በፊት ስለ ጥራጊው ይናገሩ ነበር። ድምፃቸው ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም። ዓመቱ ሲያልቅ ለቀው ሀዋሳ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። እኔ ፕሮጀክቱ እስኪዘጋ ቆየሁ።

ቁልፉን ካስረከብኩ በኋላ ሻንቶ ወርጄ ነበር። ቃልኪዳን ትምህርት ጀምራለች፤ ምግብ ትበላለች። በደሟ ያለው ወርዷል፤ ሐኪሙ ግን ገና መውረድ አለበት፣ እንከታተላት ብሏል። ምን ያህል ጎድቷት እንደሆነ ከአሁኑ የሚነግረን የለም። አማረች ስለ ልጅቷ ሳይሆን ስለ ሌላ ነገር ጠየቀችኝ። «ያ አፈር የት ደረሰ? የሌላ ሰው ልጅ ደጅ እንዳይደርስ።» እያየሁለት ነው አልኳት፤ ለመዋሸት ቅርብ ነበርኩ።

አርብ ሐጂ ሸምሱ ዘንድ ሄድኩ። የሄድኩት ሥራ ፍለጋ ነው፤ ከሱቁ ጀርባ አዲስ መጋዘን እያሠሩ ነበር። ወለሉ ተቆፍሯል፣ ድንጋይ ገና አልተነጠፈም። ስለ ጆንያዎቹ ነገርኳቸው። ጉድጓዱን አዩ።

«ከእኔ ሱቅ አይደል የወጣው» አሉ። «አምጣው። ቤቶኑን ወፍራም እናደርገዋለን።»

ቅዳሜ ጆንያዎቹን በወፍራም ላስቲክ ጠቅልለን አወረድን፤ ብረቱ ታሰረ፤ ቤቶኑ ፈሰሰ። ልስኑ ገና እርጥብ እንዳለ ለጋሽ መኮንን ደወልኩላቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። እስክጨርስ ሰሙኝና፦

«ጎበዝ» አሉ። «ከዚያስ? ሐጂም እኔም ሳንኖር፣ መጋዘኑ ሲፈርስ?»

ስልኩን ዘግቼ ከሠራተኞቹ ረጅም ሚስማር ተቀበልኩ። ከበሩ ሥር ተንበርክኬ፣ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ፣ እንደ ታፔላ ፊደል ጠርዙን ቀጥ እያደረግኩ በአማርኛና በወላይትኛ ጻፍኩ፤ ከዚህ በታች እርሳስ ያለበት አፈር ተቀብሯል፤ አትቆፍሩ፤ ልጆች አይቅረቡ።

ሐጂ ከኋላዬ ቆመው አነበቡት። «ፊደልህ ያምራል» አሉ። «በቀይ ብትቀባው አይሻልም? በሩቅ ይታይ ነበር።»

«ቀለም ይለቃል ሐጂ» አልኳቸውና ሚስማሩን ጠለቅ አድርጌ ደገምኩት።